ፓውዛው ወደ ታች ይዙር

እናቴ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ትይዩ ለተተከለው ፓውዛ ስም አውጥታለታለች። «ጨረቃዋ» ትለዋለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አጥታ ስትነሳ «ዛሬም ጨረቃዋ አልጠለቀችም?» ብላ ትጠይቀኛለች። መጋረጃ ቀየርን፤ አልበቃም። በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ክፍሉ ታፈነ። አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርነው፤ አሁን ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አርፎ ተመልሶ ፊቷ ላይ ይወድቃል።

ፓውዛው የተሰቀለበት ሕንፃ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው። ከታች ካፌና ፋርማሲ፣ ከፍ ሲል ባንክ፣ ከዚያ ቢሮዎች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አፓርትመንት። ዘበኛውን አናገርኩት። «ወንድሜ፣ እኔ የታዘዝኩት እንዳይጠፋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋ ወጣሁ፤ እሱም በትሕትና አስተናግዶኝ «ካጠፋሁት ነገ የሚመጣብኝን አንተ አትከፍልልኝም» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ፤ ምክንያቱም አስተያየት መስጫው ላይ «አንተ ጨለማ ናፍቆህ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልናፈቀኝም። ከሥራ አምሽቶ ሲመለስ የስልኩን መብራት አብርቶ ጉድጓድ ሲዘልል የኖረ ሰው ጨለማ አይናፍቀውም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ማታ በእግር መሄድ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በዋና መንገድ ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 እንዲሠሩ ሲደነገግም ከተማዋ በጊዜ እንዳትተኛ መፈለጉ ይገባኛል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለሕንፃ ባለቤቶች የደረሳቸው መልእክት «አብሩ» የሚል ነው። ወዴት ይብራ? ምን ያህል ይብራ? ስንት ሰዓት ላይ ይቀነስ? የሚያበራው ሕንፃ ጎን ሰው ቢተኛስ? እዚህ ላይ ሁሉም እንደየስሜቱ ነው። መልሱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መሰላል ላይ የወጣው ኤሌክትሪሺያን ነው። እሱ ደግሞ የሚያስበው መብራቱ ከሩቅ እንዲታይ ብቻ ነው።

ውጤቱን ማታ ወጣ ብላችሁ እዩት። ግማሹ ፓውዛ ሕንፃውን አያበራም፤ ሰማዩን ያበራል። ሌላው ቀጥ ብሎ አሽከርካሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይናችን ኃይለኛ ብርሃን ሲመታው ብሌኑ ይጠብባል፤ ስለዚህ ከፓውዛው አጠገብ ያለው ጥላ ከቀድሞው የባሰ ይጨልምብናል። ለደኅንነት ተብሎ የተተከለ መብራት አድፍጦ ለሚጠብቅ ሌባ ምቹ ጥግ ሲሠራለት ማለት ነው። መፍትሔው ደግሞ የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። መብራቱ ላይ ክዳን ይደረግለት፤ ፊቱ ወደ ታች ይዙር። መሬት የማይደርስ ብርሃን የባከነ ብርሃን ነው።

ቀለሙም አለ። ሱቅ ስትሄዱ «ነጩን ነው ቢጫውን?» ይሏችኋል፤ ደማቅ ስለሚመስል ነጩ ይገዛል። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ያ ነው። ይህ ብርሃን ሰማያዊ ጨረሩ ብዙ ነው፤ ሰማያዊ ጨረር ደግሞ ሰውነታችን ለእንቅልፍ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን ያግዳል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 የመንገድ መብራት ከ3000 ኬልቪን እንዳይበልጥ የመከረው ለዚህ ነው። ፈረንሳይም ለውጭ መብራቶች ይህንኑ ልክ በደንብ አስቀምጣለች።

ፈረንሳይን ካነሳን፣ ፓሪስን «የብርሃን ከተማ» የሚላት ዓለም ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ግን በዚያች አገር የሕንፃ ፊት መብራት ቢዘገይ ቢዘገይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መጥፋት አለበት። ሠራተኞቹ የወጡለት ቢሮ የውስጥ መብራቱን በ1 ሰዓት ውስጥ ያጠፋል። ይህን ያደረጉት ውበት ጠልተው አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የባንክን ግድግዳ ቆሞ የሚያደንቅ ሰው ስለሌለ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። የእኛ ሌሊት ከዓመት ዓመት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 100 ዋት የሆኑ 10 ፓውዛዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲበሩ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ፤ በወር 360። እኩለ ሌሊት ላይ ቢጠፉ ግማሹ ይተርፋል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንደሆነ ደግሞ ቆጣሪያችሁ ይነግራችኋል። ለትልቅ ባንክ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ምድር ቤት ላይ ቡቲክ ተከራይታ የውጭ መብራቱን ድርሻ በኪራይ ላይ ለምትከፍል ሴት ግን ምንም አይደለም ማለት አይቻልም። «የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ የምን ቁጠባ?» ትሉኝ ይሆናል። ግድቡ ተመርቋል፤ እሰየው! ግን ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ዛሬም መብራት የለውም። የተረፈ ኃይል ካለ ሰማይ ከማብራት የተሻለ ሥራ አያጣም።

እኔን ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ከሕንፃው ጀርባ ያለው ነው። ከፊት ለፊት ቀን የሚመስለው መንገድ ወደ ውስጥ 100 ሜትር ሲገቡበት ድቅድቅ ነው። ካፌው እስከ ምሽቱ 3፡30 እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ አስተናጋጇ ከዚያ በኋላ ወለሉን ጠርጋ፣ ሒሳብ አስረክባ የምትወጣው በዚያ በኩል ነው። ፊቱን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ! ለአንድ የሕንፃ ፊት ከሚሰቀሉት 10 ፓውዛዎች ሁለቱ ወደ ጀርባው ቢዞሩ ለእሷ ከሁሉም ጌጥ ይበልጡባታል። የውጭ መብራት ደንብ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ እሷን አስቦ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ሕግ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ይጠራል። በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ፓውዛ የጎረቤት ችግር ይሆናል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ብርሃን በስም አልገባም። የብክለት ቁጥጥር አዋጁም፣ ቁጥር 300/1995፣ ብርሃንን በስም አይጠራም። ስለዚህ በጩኸት ምክንያት የጭፈራ ቤት የሚከሰስ ጎረቤት መነሻ አለው፤ በብርሃን እንቅልፍ ያጣችው እናቴ ግን ወረዳ ብትሄድ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚያስተናግዳት የሚነግራት የለም።

በነገራችን ላይ እንጦጦ ላይ፣ ከ3200 ሜትር ከፍታ በላይ፣ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከሥራቸው ያለችው ከተማ በደመቀች ቁጥር የሚያዩት ሰማይ ይደበዝዛል። ለወደፊቱ ትልቅ የምልከታ ጣቢያ ወደ ላሊበላ ተራሮች ዓይን የተጣለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ ለእንዲህ ዓይነት ጣቢያዋ ብላ ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚለቀቁ መብራቶችን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ዛሬም ከተማዋ አልጨለመችም፤ ንግዷም አልተዘጋም።

እኔ የምጠይቀው አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር ነው። የሕንፃ መብራት ክዳን ይኑረው፣ ወደ ታች ይዙር። ከ3000 ኬልቪን አይለፍ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ለጌጥ የተተከለው ይጥፋ፤ ለመግቢያና ለእግረኛ የሚያስፈልገው ይቆይ። ሰው የሚኖርበት መስኮት ላይ የሚያበራ ማስታወቂያ ስክሪን ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይደብዝዝ። ዋናው ግን፣ በዚህ መሠረት መብራቱን የሚያጠፋ ሥራ አስኪያጅ እንደማይቀጣ በጽሑፍ ይሰጠው። ያ ትሑት ሰው ከእኔ ጋር ሲነጋገር የፈለገው ያንን ወረቀት ነበር።

እስከዚያው የእኛን ሰፈር በተመለከተ ትንሽ ዜና አለኝ። ባለፈው ሳምንት ዘበኛው ማንንም ሳይጠይቅ መሰላል አምጥቶ አንዱን ፓውዛ በቁራጭ ቆርቆሮ ከለለልን፤ በሽቦ ነው ያሰረው። 10 ደቂቃ አልፈጀበትም። መብራቱ አልጠፋም፤ በሩን ከበፊቱ አጥርቶ ያበራል። እናቴ ሌሊት ተነስታ መስኮቱን አየችና «ጨረቃዋን ምን ነካት?» ብላ ተመልሳ ተኛች። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ገና ናቸው።