በአንድ ሌሊት የተሰበሰበ ምስክር

ዛሬ ሸማች ዕቃ ሲፈልግ፣ መንገደኛ ማረፊያ ሲያስስ፣ ተማሪም አንድ ነገር ሲቸግረው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጉግልን መሆኑ የታወቀ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ከቀረቡለት መልሶች የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ተመልክቶ የቀሩትን ይተዋል። ከዚህ የተነሣ በዚያ ዝርዝር ራስ ላይ መቀመጥ በገበያ መግቢያ ላይ ሱቅ እንደ መክፈት ያለ ጥቅም አለው። ጥቅም ባለበት ሽሚያ አይታጣምና፣ ያንን ስፍራ አስይዛለሁ የሚል ራሱን የቻለ ንግድ ተፈጥሯል።

በዚሁ ንግድ ዙሪያ አንድ ጥያቄ ሲያከራክር ይገኛል። ይኸውም፣ አንድ ድረ ገጽ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርሱ የሚያመለክቱ ሊንኮችን በፍጥነት ቢያሰባስብ ደረጃው ከፍ ይላልን? ወይስ ፍጥነቱ ራሱ ጥርጣሬ አስነሥቶ ያወርደዋል? የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ፍጥነቱን ከመለካት በፊት የፍጥነቱን ምክንያት መጠየቅ ይገባል። ይህንንም ለማስረዳት ከነገሩ አመጣጥ እንነሣ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ሳሉ፣ ድረ ገጾችን በምን ሚዛን ማበላለጥ እንደሚቻል ይመራመሩ ነበር። ያገኙት መልስ ከሊቃውንት ልማድ የተወሰደ ነው። አንድ የምርምር ጽሑፍ የሚከበረው ሌሎች ተመራማሪዎች እየጠቀሱት ሲጽፉ ነው፤ እንደዚሁም አንድ ድረ ገጽ ለሌላው ሊንክ ሲሰጥ እንደ ምስክርነት ይቆጠርለታል። ምስክሮቹም እኩል አይደሉም። ራሱ ብዙ የመሰከሩለት ገጽ የሚሰጠው ቃል፣ ማንም ከማያውቀው ገጽ ቃል ይልቅ ይከብዳል። «ፔጅራንክ» የተባለው ይህ ስሌት በ1998 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለጉግል ኩባንያ መሠረት ሆነ።

ነገር ግን ምስክርነት ዋጋ ማውጣት ሲጀምር የሐሰት ምስክር መነሣቱ አይቀርም። ሊንክ በገንዘብ የሚሸጡ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ብዙ ድረ ገጾችን በጅምላ የሚከፍቱ ሰዎች ተነሡ። ከዚህም የሚጠቀሰው ምሳሌ ጄ. ሲ. ፔኒ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ መደብር ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ዓ.ም. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ መደብሩ ከልብስ እስከ ምንጣፍ በብዙ ዕቃዎች ፍለጋ አንደኛ ሆኖ ለወራት ሲቆይ፣ ከሸቀጡ ጋር ምንም ዝምድና በሌላቸው ገጾች ላይ የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሊንኮች ይደግፉት ነበር። መደብሩ ነገሩ በእኔ ፈቃድ አልተደረገም ቢልም ጉግል ቅጣቱን አልተወለትም፤ በአንድ የታወቀ የጉዞ ሻንጣ ፍለጋ አንደኛ የነበረው በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ሆኖ ተገኘ።

የጊዜ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሥር ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ዳኛ ፊት ቢቀርቡ፣ ዳኛው «እነዚህን የሰበሰባቸው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጉግል መሐንዲሶችም ይህንኑ አስበውበታል። ኩባንያው በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ባስገባውና በ2005 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የፈጠራ መብት ማመልከቻ ውስጥ፣ ሊንኮች መቼ እንደ ተገኙ፣ መቼ እንደ ጠፉና በምን ፍጥነት እንደሚበዙ ማስተዋል ገጹን ለመመዘን እንደሚረዳ ተጽፏል። ያው ሰነድ ግን ድንገተኛ ዕድገት ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ጨምሮ ይናገራል። አንደኛው የማታለል ሙከራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝብ በአንድ ጉዳይ ላይ በእውነት መነጋገሩ ነው።

ለሁለተኛው ምሳሌ እንስጥ። በኤፕሪል 10 ቀን 2019 ዓ.ም. የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ብላክ ሆል የተባለውን የጠፈር አካል የመጀመሪያ ምስል ይፋ ባደረጉ ጊዜ፣ በየአገሩ ያሉ ጋዜጦች በዚያው ዕለት ወሬውን አሠራጩት። በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ወሬው ምንጭ የሚያመለክቱ ሊንኮች እንደ ክረምት ጎርፍ ቢመጡ ማን ይጠረጥራል? ምክንያቱ በአደባባይ የሚታይ ነውና። ሊንክ በአንድ ሌሊት የመጣለት የማይታወቅ የጫማ ሱቅ ግን ለዚያ ሌሊት የሚያሳየው ምክንያት የለውም።

ጉግል በኤፕሪል 2012 ዓ.ም. «ፔንግዊን» የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ፣ ራሱ እንዳስታወቀው በእንግሊዝኛ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ከመቶ 3 ያህሉ ላይ ለውጥ ታየ። በሴፕቴምበር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሥርዓቱ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ መጥፎ ሊንክ ባለቤቱን ከማዋረድ ይልቅ፣ እንዳልነበረ ተቆጥሮ መታለፉ በዛ። ይህ ማለት ሊንክ የገዛ ሰው ባይቀጣም እንኳ ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው።

ነጋዴዎቹ ግን ከዚህ የተማሩት ሌላ ነው። ፍጥነት ካስጠረጠረ ዝግታን እንሽጥ ብለው፣ «በወር ይህን ያህል ሊንክ፣ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያውቅ» የሚል ውል ያቀርባሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል መባሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በእግሩ የሚሄደው ጫጩት ያለበት እንቁላል ነው። የሐሰት ምስክር በየወሩ አንድ አንድ እየሆነ ቢመጣ እውነተኛ አይሆንም። የጉግል ሰዎችም ቢሆኑ ዋናው ነገር በምን ያህል ጊዜ ስንት ሊንክ ተገኘ የሚለው ሳይሆን፣ ሊንኩ በተፈጥሮ የመጣ መሆን አለመሆኑ ነው ሲሉ ተናግረዋል።

እርግጥ ነው፣ ጊዜ ጨርሶ አይቆጠርም ማለትም አይቻልም። በሜይ 2024 ዓ.ም. ሳይታሰብ ከኩባንያው በወጡና ኩባንያውም እውነተኛነታቸውን ባመነው ሰነዶች ውስጥ፣ አጠራጣሪ ሊንኮች በስንት ቀን ውስጥ እንደ ተከማቹ የሚመዘግብ ክፍል ተገኝቷል። ኩባንያው ግን ከሰነዱ ተነሥቶ የተሳሳተ ግምት እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። መዝገብ መኖሩ ፍርዱ በዚያ ብቻ መሰጠቱን አያሳይም። ፍጥነት እንደ ትኩሳት ነው፤ ሐኪም ትኩሳትን ይለካል፣ የሚያክመው ግን በሽታውን ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። በዲሴምበር 2013 ዓ.ም. ራፕ ጂኒየስ የተባለው የዘፈን ግጥሞች ድረ ገጽ፣ ሌሎች ጸሐፊዎች ሊንክ እንዲሰጡት በማግባባቱ ተቀጣ፤ ነገር ግን በ10 ቀን ገደማ ወደ ቦታው ተመለሰ። በፔንግዊን የተመቱት ግን ስሌቱ እስኪታደስ መጠበቅ ነበረባቸው። ከኦክቶበር 2014 እስከ ሴፕቴምበር 2016 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ያህል የጠበቁ አሉ። ስሙ የታወቀ ኩባንያ ያን ያህል ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ በአንድ ድረ ገጽ የሚተዳደር ትንሽ ነጋዴ ግን ይዘጋል። በኦገስት 2024 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጉግል በፍለጋ ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖል ይዟል ብሎ መወሰኑን ስናስብ፣ ቅጣቱ ሲሳሳት ይግባኝ የሚባልበት በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባናል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ከውጭ አገር ጎብኚ የሚጠብቅ የጉዞ ወኪል፣ ቡናውን ለባሕር ማዶ ገዢ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ፣ የሚፈልገው ሰው የሚያገኘው በዚሁ በር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ሊንክ ለመግዛት ያሰበውን ገንዘብ ለሥራው ያውል። በዳሎል ሙቀቱ የሚቀለው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ በክረምት የትኛው መንገድ እንደሚበላሽ አጣርቶ የጻፈ ወኪል፣ ሌሎች ጸሐፊዎች ሳይለመኑ ይጠቅሱታል። ምስክሩ በአንድ ቀን ቢመጣም በአምስት ዓመት፣ «በዚህ ሳምንት ሊንክህ ለምን በዛ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይኖረዋል። መልስ ያለው ሰው ፍጥነቱን የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ መልስ የሌለውን ግን ዝግታው አያድነውም።