ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር፦ ጓርኒሲዮን በገዛ እጃችን ስንቀይር



መኪና ከቆመበት ሲነሳ መሬት ላይ የሚቀረውን ጥቁር ጠብታ ብዙዎቻችን አይተን እንዳላየን እናልፈዋለን። «ያረጀ ሞተር ትንሽ ማልቀሱ አይቀርም» እንላለን። አባባሉ ቀልድ ይመስላል እንጂ መዘዙ ቀላል አይደለም። የሞተር ዘይት በጊዜው ካልተሞላ ይጎድላል፤ ዘይት የጎደለበት ሞተር ደግሞ ብረት ከብረት እየተፋተገ ይጋጋልና አንድ ቀን መንገድ ላይ ነክሶ ይቆማል። ጠብታው በጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ከወደቀ ይጨሳል፤ ሽታው ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ ልጆችን ያሳምማል፤ ሲብስም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ መኪናው የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ጠብታው የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን ከእነዚህ ፍሳሾች ውስጥ በጣም የተለመደውንና ያለ ትልቅ መሣሪያ ሊጠገን የሚችለውን፣ የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮንን አቀያየር እንመለከታለን። ለምሳሌ የምንወስዳት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችውን ላዳ ነው። ላዳ የፊያት 124 ዝርያ ስትሆን ምርቷ በሶቪየት ኅብረት በ1970 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ሞተሯ ግልጽና ለእጅ የሚመች በመሆኑ ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። አሠራሩን በእርሷ ላይ የተረዳ ሰው በሌሎች መኪኖችም ላይ ብዙ አይቸገርም።

ጓርኒሲዮን ምን ይሠራል?

ሁለት ብረቶች ምንም ያህል ቢለሰልሱ ተገጣጥመው ዘይት የማያሳልፉ አይሆኑም። በመካከላቸው ለስላሳ ነገር መግባት አለበት፤ ይህም ጓርኒሲዮን ነው። እንደየቦታው ከቡሽ፣ ከጎማ፣ ከወፍራም ወረቀት ወይም ከብረት ንጣፍ ይሠራል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን በአብዛኛው የቡሽ ወይም የጎማ ነው። ሞተሩ በሠራ ቁጥር ይሞቃል፣ ሲቆም ይበርዳል። ዓመታት ሲያልፉ ቡሹ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጎማውም ይደነድንና መለጠጡን ያጣል። ያን ጊዜ ዘይት መንገድ ያገኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። በሞተር ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በጥቀርሻ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው ቦታ ሁሉ ገፍቶ ያስወጣዋል። ቱቦው ሳይጸዳ አዲስ ጓርኒሲዮን ማስገባት የተቀደደ ጆንያ ሳይሰፉ እህል እንደ መሙላት ነው።

ፍሳሹ ከየት ነው?

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመሆኑም ጠብታው የወደቀበት ቦታ የፍሳሹ ምንጭ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። ሞተሩ በርዶ ሳለ ዘይት የነካውን ሁሉ በጨርቅና በብሩሽ እንጠርገው። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ነድተን ኮፈኑን እንክፈትና ከላይ ወደ ታች በባትሪ መብራት እንመልከት። እርጥብ ሆኖ የምናገኘው ከሁሉ የበላይ ቦታ ምንጩ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ከሆነ የዛሬው ትምህርታችን ይበቃል። ከሞተሩ ፊት ወይም ከካምቢዮ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሚሽከረከረውን ብረት የሚያቅፈው የዘይት መከላከያ ቀለበት ሊሆን ስለሚችል ሥራው ሌላ ነው።

ከሥር ከዘይት ኮፓው ከሆነም አስቀድመን እናስብበት። ላዳ ላይ ኮፓውን ለማውጣት ሞተሩን ከእግሮቹ ፈትቶ ከፍ ማድረግ ስለሚጠይቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይደለም። ከመኪና ሥር መግባት ካስፈለገ ደግሞ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም ሰው ጭንቅላቱን አያስገባ። ጽኑ መቆሚያ ይደረግ፤ የኋላ ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዱ። ክሪክ ይንሸራተታል፤ የሚወድቀው ክብደትም ሰውን ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም።

የሚያስፈልጉን ነገሮች

ለሞተሩ ዓይነት የሚሆን አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ባለ 10 ቡሶላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያና ትንንሽ ብሎኖችን የምናስቀምጥበት ሳህን። ዕቃ ስንገዛ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ወይም የሞተሩን ዓይነት ይዘን እንሂድ። መርካቶ ሶማሌ ተራ «ይሄው ነው፣ ይገባልሃል» በሚል ቃል ብቻ ገዝቶ መመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ያስኬዳል። በዓይን ብዙ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ግን ይለያያል። ሲሰነጠቅ የሚታይ፣ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቶ የደረቀ ቡሽ ከሆነም አንውሰድ።

ሥራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ሙቅ ሞተር እጅን ያቃጥላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ እንፍታ።

ሁለተኛ፣ በክዳኑ ላይ ያለውን ሁሉ እናንሳ። ላዳ ላይ የአየር ፊልትሮው ቤት ከነቱቦው ይወጣል፤ የካርቡራቶሩ አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። አንዲት ሮንዴላ እንኳ እዚያ ብትገባ ሞተሩን ታበላሻለች። ከጋዝ ፔዳል የሚመጣው ዘንግም በክዳኑ ላይ ስለሚያልፍ ይፈታል። የካንዴላ ኬብል መንቀል ካስፈለገ እያንዳንዱ ላይ በወረቀት ቁጥር እንለጥፍ። የላዳ ሞተር የመቀጣጠል ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ ኬብል የተምታታበት ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጨርሶ አይነሳም።

ሦስተኛ፣ ክዳኑን የያዙትን 8 ዳዶዎች ጥቂት በጥቂት እናላላ፤ ከዚያ ከነሮንዴላቸው እናውጣ። ክዳኑ ከተጣበቀ በካቻቢቴ አንፈልቅቀው፤ የቴስታታው ፊት አሉሚኒየም ስለሆነ ይቧጨራል፤ ጭረቱም ራሱ አዲስ የዘይት መንገድ ይሆናል። በእንጨት ዱላ ጎኑን ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል።

አራተኛ፣ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት ከሁለቱም ፊቶች በመፋቂያ ተነስቶ ይለቅ። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። አዲሱ ጓርኒሲዮን በቶሎ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ በተደረገ ችኮላ ነው። ስንፍቅ ቁርጥራጩ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ክፍቶቹን በጨርቅ እንሸፍን፤ ስንጨርስ ጨርቁን ማውጣት አንርሳ። በመጨረሻም ሁለቱን ፊቶች ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገን እናድርቅ።

አምስተኛ፣ ክዳኑን ገልብጠን ጠርዙን እንይ። የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ ከዚህ በፊት ከመጠን በላይ ተጠብቆ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተን በቀስታ እየመታን እናስተካክለው። ጠማማ ክዳን ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻውን ምንም አያደርግም።

ስድስተኛ፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን በትክክል አስቀምጠን ክዳኑን እንመልስ። ሲሊኮን መቀባት የሚወዱ አሉ። ብዙ ሲሊኮን ግን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፤ ተቆርጦም የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። የደኅና ጓርኒሲዮን ቦታ ንጹሕና ደረቅ ፊት ነው።

ሰባተኛ፣ ዳዶዎቹን በጣት እስኪይዙ ካስገባን በኋላ ከመካከል ጀምረን ወደ ዳር፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያደረግን፣ በሁለትና በሦስት ዙር እናጥብቅ። ልኩ ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ሲሆን በአጭር ቁልፍ በጣቶች ኃይል የሚደረስ ነው። ጉልበት አይጠየቅም። ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ ቡሹን ይሰነጥቃል፣ የ6 ሚሊ ሜትሩን ጥርስም ይበላል።

ስምንተኛ፣ የነቀልነውን ሁሉ መልሰን፣ ጨርቅም ቁልፍም በሞተሩ ላይ አለመቅረቱን አረጋግጠን፣ የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ አይተን ሞተሩን እናስነሳ። 10 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ዙሪያውን በመብራት እንመልከት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የላላ ዳዶ መኖሩን በጣት ኃይል መሞከር ተገቢ ነው።

እጃችንን የምንሰበስብበት ቦታ

ከክዳኑ ሥር፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። የእርሱ መበላሸት ምልክቶች አሉት፤ የራዲያተር ውሃ ያለ ፍሳሽ ይጎድላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ከማርሚታው ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ዘይቱ ቡና በወተት ይመስላል። በብርድ ጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በዘይት ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ ቢያሳይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምልክቶቹ ከተደራረቡ ግን መኪናውን አቁመን ባለሙያ እንጥራ። ይህ ሥራ የቴስታታውን ልሙጥነት በትክክለኛ መለኪያ ማየትንና በኃይል መለኪያ ቁልፍ በተራ ማጥበቅን ይጠይቃል። አውቆ መተው ራሱ የሙያ ክፍል ነው። የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈትም ፈጽሞ አይገባም።

የቆዩ የቴስታታና የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ ደረቁን በማሽን አንሞርደው፣ በአየርም አንንፋው።

ሥራው ካለቀ በኋላ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ ለካንሰር ሊዳርግ ስለሚችል ጓንት እናድርግ፤ ሕፃናትም አይቅረቡት። እጅን በቤንዚን ከመታጠብ ጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ ይሻላል። ለዉዱእ የምንነሳ ሁሉ ደግሞ ግራሶ በጥፍር ሥርና በቆዳ ላይ ተጋግሮ ውሃ እንዳይደርስ ከከለከለ አስቀድመን ልናስለቅቀው ይገባል። ስለዚህ ሥራውን ወደ ሶላት ወቅት አስጠግተን አንጀምር። የተፋውን ዘይትና ዘይት የጠጣውን ጨርቅ በዕቃ አጠራቅመን ለሚሰበስብ ጋራዥ እንስጥ። ቦይ ውስጥ ወይም አፈር ላይ የፈሰሰ ዘይት የጎረቤትን የጉድጓድ ውሃ ያበላሻል።

አንድ ነገር እንጨምር። መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሞተሩን አሳጥቦና አድርቆ ፍሳሹን ደብቆ ማቅረቡ በገበያ የተለመደ ሆኗል። ዐይቡን እያወቁ መሸፈን የሌላውን ቤተሰብ ገንዘብና ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው። ወይ ጠግኖ፣ ወይ ተናግሮ መሸጥ ነው።

እናንተ አባቶች፣ ይህን ሥራ ብቻችሁን አትጨርሱት። ልጁ ኬብሉን ይቁጠር፣ ልጅቷ ዳዶዎቹን በሳህን በተራ ታስቀምጥ። እናንተ ወጣቶችም «አባባ፣ እኔ ልፋቀው» በሉ። በአንድ ከሰዓት የሚቆጠበው ገንዘብ አንድ ነገር ነው። ቀስ ብሎ መሥራትን፣ ቅደም ተከተልን ማክበርንና የያዙትን ሳይጨርሱ አለመተውን የተማረ ልጅ ግን ለቤቱ ከዚያ የሚበልጥ ትርፍ ነው።