የአባት ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

ውርስ ሲከፋፈል ለቤቱም ለከብቱም ዋጋ ይወጣለታል። አባት ለአደን ይዘውት ይወጡ የነበረው አሮጌ ጠመንጃ ላይ ሲደረስ ግን ነገር ይከራል። ታላቅ ልጅ “በደጉ ጊዜ ጥንድ በሬ ያወጣ ነበር” ይላል። አሜሪካ ያለችው እህት ደግሞ ያየችውን ዋጋ በዶላር ትናገራለች። ሽማግሌዎቹም በብር ሊመነዝሩት ይነሳሉ።

እህት አልዋሸችም። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የሄዱ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለቅርስ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ያ ዋጋ ግን በፈቃድ ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ ሕጋዊ ነጋዴ እጅ የደረሰ ጠመንጃ ዋጋ ነው። እኛ ቤት ቆጥ ላይ ያለው ያንን አያወጣም።

ዋጋ ከመገመት በፊት ጥይቱን መጠየቅ ይበጃል። ውጅግራ የምንለው እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን 11 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ይህ ጥይት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5፣ የቤልጅግ ሞዘር 7.92 ሚሊሜትር ናቸው። ጥይቱ በፍለጋ የሚገኝ ከሆነ በርካሽ የተገዛ ጠመንጃም ውሎ አድሮ ውድ ይሆናል። ጥይት የሌለው ደግሞ ማስታወሻ እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ በውርስ ድርሻም እንደዚያው ይታሰብ።

የአፈሙዙ ውስጥ ዝገትም ዋጋ ይጥላል። የድሮ ጥይቶች ሲተኮሱ የሚተዉት ጨው ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋልና። አካሉና መዝጊያው ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ ከሆነ ሰብሳቢ ይወደዋል። ሰደፉን በቫርኒሽ ማሳመር ግን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። “ይሄም ስምንት፣ ያም ስምንት” ተብሎ የማይመጥን ጥይት ሲጎርስ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የፈረንሳዩ ለበልም የጀርመኑ ሞዘርም “8 ሚሊሜትር” ይባላሉ፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። ውጅግራም የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ የዘመኑን ኃይለኛ ጥይት አይችልም። የሚጎዳው ዓይንና ጣት ነው፤ የጠፋ ዓይን ደግሞ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ጥይት በዓይን ግምት አይመረጥ፤ “ይሠራ ይሆን?” ተብሎም አይሞከር።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስጠይቃል። ስለዚህ ወንድማማቾች ከመጣላታቸው በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። ጠመንጃውን ለጎረቤት ማሳየትና ገዢ ማፈላለግ መዘዝ ያመጣል።

እናንተ አያቶች ደግሞ በሕይወት ሳላችሁ ጨርሱት። ፈቃዱ የት እንዳለ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ጠመንጃው ጥይት የጎረሰ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። ከዚያ ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ፤ ቁልፉም ትራስ ሥር አይቀመጥ። የልጅ ልጆች የማያውቁት መደበቂያ የለም።