የሕዝብ እንደራሴ ለመረጠው ወረዳ ምን ይንገር?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዓመቱ መካከል ለእረፍት በሚዘጋበት ጊዜ፣ እንዲሁም ሰኔ 30 ቀን የዓመቱን ጉባኤ በሚፈጽምበት ጊዜ፣ የምክር ቤቱ አባላት ወደየወረዳቸው ሄደው ከመረጣቸው ሕዝብ ጋር መነጋገራቸው የተለመደ ሆኗል። በጋዜጣም በራዲዮም «ከመራጮቻቸው ጋር ተወያዩ» የሚል አጭር ወሬ እናነባለን፣ እንሰማለን። ወሬው ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። እንደራሴው ምን አሉ? ሕዝቡ ምን ጠየቀ? ምንስ መልስ አገኘ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካልተገኘ፣ ውይይት ተደረገ ማለት ሰዎች አንድ ቦታ ተሰበሰቡ ከማለት ብዙም የተለየ አይደለም።

ከትምህርት ቤት ከወጣን ገና ጥቂት ጊዜ የሆነን እኛም ከከተማ ራቅ ወዳለ አንድ የገጠር ወረዳ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ሳለን፣ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ለመገኘት ዕድል አጋጠመን። ስብሰባው የተደረገው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወጣቱ ደግሞ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። እንደራሴው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተዘጋጀላቸውን ወረቀት አውጥተው የተጠረገውን መንገድ፣ የተጨመሩትን የመማሪያ ክፍሎች፣ የተቆፈሩትን የውኃ ጉድጓዶችና የታደሰውን ጤና ኬላ እየቆጠሩ አነበቡ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ከዚህ በኋላ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተመርኩዘው ተነሡና እንዲህ አሉ። «ልጄ፣ የቆጠርኸውን ሁሉ እኛ በዐይናችን አይተነዋል። የመንገዱን ድንጋይ የለቀምነውም እኛው ነን። አንተን የምንጠይቅህ የማናየውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ስትቀመጥ ስለኛ ምን አልህ? ምንስ አሉህ?»

ግቢው ጸጥ አለ። እኛም በትምህርት ቤት ስለ ሕገ መንግሥት ብዙ ገጽ አንብበን ሳለ፣ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞን እንደማያውቅ ተሰማን።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ስለ እንደራሴው የሚናገረውን እንመልከት። የምክር ቤቱ አባላት በየአምስት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ቁጥራቸውም ከ550 አይበልጥም። አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ ሲሆን፣ የሚገዛውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። መራጩ ሕዝብ እምነት ያጣበት እንደ ሆነም በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያጣ ይችላል። ሥራው ምን እንደ ሆነ ደግሞ አንቀጽ 55 ይዘረዝረዋል። ሕግ ማውጣት፣ የፌዴራሉን በጀት ማጽደቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለሥልጣኖች ጠርቶ መጠየቅና አሠራራቸውን መመርመር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። መንገድ መጥረግና ጉድጓድ ማስቆፈር ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ሽማግሌው የጠየቁት፣ ሕጉን አንብበው ይሁን ሳያነቡ፣ ሕጉ የሚያዘውን ነው።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ1923 ዓ.ም የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲሰጥ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ነበር። እንዲህ ያለው እንደራሴ ቢጠየቅ የሚመልሰው ለመረጠው መኰንን ነው እንጂ ለገበሬው አልነበረም። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጠ። አገሩም በተቻለ መጠን 200,000 ሰው በሚኖርባቸው የምርጫ ወረዳዎች ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ እንዲኖረው ተደነገገ። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀርበው በገዛ ስሙ ነበር።

ነገር ግን መምረጥና መነጋገር አንድ አይደሉም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። አዋጁ በምክር ቤቱ ክርክር ተደርጎበትና ተሻሽሎ ነው የጸደቀው። ወደ ጎጃም ሲደርስ ግን ገበሬው ገማቾቹን አናስገባም አለ። ምርቴን ሊገምቱ የመጡት ነገ መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ሠጋ። በአስተዳደሩም ላይ ብዙ ቅሬታ ነበረው። ነገሩ እስከ ጦር መማዘዝ ደረሰ፤ ወታደርና የጦር አውሮፕላን ተላከ። በመጨረሻም መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን አነሣ፤ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። የአመፁ ምክንያት አንድ ብቻ እንዳልነበረ እናውቃለን። ቢሆንም አዋጁ ከመጽደቁ አስቀድሞ እንደራሴ በየአጥቢያው ተቀምጦ «የሚወጣው ሕግ ይህን ይላል፤ ርስትህን አይነካም፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ቢጠይቅና የሰማውንም ይዞ ቢመለስ፣ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር ብሎ ማሰብ የዋህነት አይመስለንም።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ዛሬ የአገሩ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሆን የምርጫ ክልሎቹ 547 ናቸው። በአማካይ ሲታሰብ አንድ እንደራሴ ከ180,000 ሰው በላይ ይወክላል ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም ከታሰበው እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ይህን ያህል ሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚያገኝ ሰው የሚናገረውን ነገር መምረጥ አለበት። ጊዜውን ሌላ ሰው በሠራው ሥራ ዝርዝር ካጠፋው፣ እርሱ ብቻ ሊናገረው የሚችለው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ሌላም ችግር አለ። ሕዝቡ የትኛውን ጉዳይ ማንን እንደሚጠይቅ በግልጽ አልተነገረውም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የምንጭ ማጎልበት ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በወረዳው በጀት ነው። የወረዳው በጀት ዋናው ክፍል የሚመጣው ከክልሉ፣ የክልሉም ብዙው ክፍል ከፌዴራሉ መንግሥት ነው። ፌዴራሉ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በጠቅላላው የሚጸድቀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ለየክልሉ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ዋናው መንገድ የፌዴራል፣ ወደ ቀበሌ የሚገባው ደግሞ የክልልና የወረዳ ጉዳይ ነው። ይህን መሰላል የማያውቅ ገበሬ ሁሉንም አንዱን እንደራሴ ይጠይቃል። እንደራሴውም ሁሉንም እንደሚያደርግ አድርጎ ተስፋ ይሰጣል። ተስፋውም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ይቀራል።

ለእንደራሴው በቀጥታ የሚገባ ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ለማሳየት የማዳበሪያን ነገር እንውሰድ። ማዳበሪያ የሚገዛው ከውጭ አገር በመንግሥት በኩል ነው። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተጓጉዞ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ይከፋፈላል። ዘር ከተዘራና ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ዋጋው ተከፍሎበት ጥቅሙ የጎደለ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ብዙ ገበሬዎች ማዳበሪያ አልደረሰንም ብለው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ማለታቸው ይታወሳል። እንግዲህ ይህ የወረዳ ሹም ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ አይደለም። ግዥው መቼ ተጀመረ? መርከቡ መቼ ደረሰ? ለየክልሉ ምን ያህል ተመደበ? የዘገየውስ በማን እጅ ነው? ሚኒስትሩን በምክር ቤት አስቁሞ ይህን ለመጠየቅ ሥልጣን ያለው እንደራሴው ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለም? እንደራሴ ዝም ያለ እንደ ሆነ የሚቀረው የራሱ ማዕረግ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው መኸርም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ የእንደራሴ መግለጫ ሦስት ነገር ቢይዝ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ በዓመቱ ከወጡት ሕጎች የወረዳውን ኑሮ የሚነኩት የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ እርሱም ስለ እነርሱ ምን አሳብ እንደ ሰጠና ድምፁን ለየትኛው ወገን እንዳዋለ። ሁለተኛ፣ የትኛውን ባለሥልጣን ምን እንደ ጠየቀና ምን መልስ እንዳገኘ። ሦስተኛ፣ ባለፈው ስብሰባ ሕዝቡ ካነሣቸው ጉዳዮች ያልተፈጸሙት የትኞቹ እንደ ሆኑና ምክንያታቸው።

አንድ ድምፅ ከ547 መካከል ምን ያህል ኃይል አለው? የፓርቲ ሥርዓትስ እንደ ልብ ለመናገር ይፈቅዳል ወይ? የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእንደራሴው ላይ ያለውንም ጭነት አንክድም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ኅሊናን ከተገዥነቱ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም በላይ «ጠየቅሁ፣ ግን አልተሳካልኝም» ማለት ራሱ እውነተኛ መግለጫ ነው። ገበሬ ዝናብ የከለከለውን ዓመት የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ፣ ያልተሳካ ሥራ አያስደነግጠውም። የሚያስቀይመው እንደ ሕፃን መታለሉ ነው።

በዚህ ነገር የእኛ የወጣቶቹም ድርሻ ቀላል አይደለም። እንደራሴው የሚያነበውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፑ የተሰበረ እንደ ሆነ በወረቀቱ ላይ «የተቆፈረ» ተብሎ ይቈጠራል፤ እናቶች ግን እንስራቸውን ይዘው እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። «የተቆፈረ» በሚለው ፋንታ «ውኃ የሚሰጥ» ብሎ መጻፍ የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ነገር ግን በሐቀኛና በአስመሳይ መግለጫ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ተማሪውም በክረምት ወደ አገሩ ሲመለስ የበጀቱንና የሥልጣኑን መሰላል ለአባቱና ለጎረቤቱ በአገርኛ ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ጥያቄው ለሚገባው ሰው ይቀርባል።

ከዋርካው ሥር የነበሩት እንደራሴ ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱና ጥቂት አሰቡ። «አባቴ፣ እውነትዎን ነው። በሚመጣው ጊዜ የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን ጽፌ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። ሽማግሌውም ወደ ቦታቸው ተመልሰው እየተቀመጡ «ግድ የለም ልጄ፤ እኛ የትም አንሄድ፣ እዚሁ ነን» ብለው መለሱ። ሕዝቡ ይህን ጊዜ አላጨበጨበም። ቀጠሮ እንደ ያዘ ሰው ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ።