«ቢድዓ ነው» ካልን በኋላስ?



በቅርቡ ድሮ ያስቀራሁት አንድ ደረሳዬ የጥሪ ካርድ ይዞልኝ መጣ። የሰርግ ጥሪ መስሎኝ «ማን ሊያገባ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እሱና ባለቤቱ ኒካሕ ካሰሩ 10 ዓመት ስለሞላቸው እዚሁ ደሴ በአንድ ሆቴል አዳራሽ «አኒቨርሰሪ» ሊያከብሩ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ወሬው ተነሳ። አንዱ «ቢድዓ ነው» አለ፤ ሌላው «የፈረንጅ ኮተት ነው» አለ። እኔም እንደ ኡስታዝነቴ የድርሻዬን ተናገርኩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች። የተባለውን ሁሉ በኩራት አጫወትኳት። እሷም ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ «ስለ ድግሱ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ወላሂ በእነዚህ 18 ዓመታት ካንተ ጎን ሆኜ ከቤት የወጣሁት ወይ ወደ ሐኪም ቤት ነው፣ ወይ ወደ ለቅሶ ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወደ ስደት ነው። ሌላ ካለ አስታውሰኝ።»

አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ሌላ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ዝምታዬ ነው።

ድግሱን ልደግፍ አልተነሳሁም። አላህ (ሱ.ወ) ለሙስሊሞች ሁለት ዒዶችን ሰጥቷል። የጋብቻን ቀን በየዓመቱ ማክበር ከሌሎች የተቀዳ ነው ብለው የሚከለክሉ ዑለማዎች አሉ። ዒባዳ እስካልተደረገ ድረስ ከልማድ የሚቆጠር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሕፃናትን የማስቀራ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁምና ብይኑን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። ሆኖም አንዳንዱን ጥፋት ለማየት ፈትዋ አያስፈልግም። የዕቁብ ገንዘብ አሟጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ አዳራሽ መከራየት ምን ይሉታል? ሙሽራ ያልሆነችን እናት እንደገና ቬሎ አልብሶ፣ ፎቶዋን በየስልኩ ለማያውቃት ወንድ ሁሉ መበተንስ? ቤት ውስጥ ሳምንት የተኳረፉ ባልና ሚስት ካሜራ ሲመጣ ኬክ ሲጎራረሱ ማየት ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። ቀኑስ ቢሆን የትኛው ነው? የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ የኔ ኒካሕ የታሰረበት የሒጅራ ቀን ዛሬ ከያኔው ወቅት ከስድስት ወር በላይ ርቋል። በረካው ያለው በቀኑ አይደለም።

ግን ወንድሜ ሆይ! ይህን ሁሉ ተናግረን ስናበቃ በቦታው ምን ተካን? ሐራሙን የዘጋ ሰው የሐላሉን በር ሊከፍት ይገባዋል። እኛ ግን አንዱን ዘግተን ሌላውንም ቆለፍነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን «ቢድዓ» የምንለው ለዲን ተቆርቁረን ብቻ አይደለም፤ ከወጪውና ከድካሙ ስለሚገላግለንም ነው። ንፉግነታችንን በዲን ልብስ ሸፈንነው።

ለመሆኑ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንዲህ ነበርን? ሲራቸውን እናስቀራለን፤ እንኖረዋለን ወይ? በጉዞ ላይ ሳሉ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መወዳደራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ጥሩ መረቅ የሚሠራ አንድ ፋርሳዊ ጎረቤታቸው በጠራቸው ጊዜ ዓኢሻም አብራቸው እንድትጠራ ጠየቁ። ሰውየው እምቢ ቢል እሳቸውም ቀሩ። በሦስተኛው እሷንም ሲጠራ ሁለቱም ተነስተው ሄዱ። ይህ በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ ያለ ነው። ልብ በሉ! ግብዣው ሩቅ አገር አይደለም፤ የጎረቤት ቤት ነው፤ ምግቡም መረቅ ነው። እኛ ግን ስንቱን ግብዣ ብቻችንን በልተን ገብተናል?

ስለ ሶፊያ (ረ.ዐ) የተላለፈው ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ አሳፍሮኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረመዷን መጨረሻ ዐሥር ቀናት ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ልትጠይቃቸው መጣች። ስትመለስ እሳቸው ተነስተው ሸኟት። በመንገድ ሁለት የአንሷር ሰዎች ሲያዩዋቸው፣ አብራቸው ያለችው ሶፊያ መሆኗን ራሳቸው ነገሯቸው። እኛስ? ገበያ ስንሄድ እኛ አሥር እርምጃ ወደፊት፣ ሚስት ዘንቢል ይዛ ከኋላ! ሰው አብረን ሲያየን እንደ ሌባ እንሸማቀቃለን። ከሚስት ጎን መታየት ነውር ነው ብሎ ያስተማረን ማነው? ሸሪዓው አይደለም።

ገንዘብ የለኝም የሚል ይኖራል። ጦሳን ቀና ብሎ ለማየት ስንት ብር ይከፈላል? ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ማለዳ በሚኒባስ ሄደው ከመግሪብ በፊት ይመለሱበታል። ይህም ከበዛ ከዐስር በኋላ ፔርሙስ ቡና ይዞ ከከተማው ዳር ሣር ላይ መቀመጥ አለ። ጊዜ የለኝም የሚለው ወንድም ደግሞ ጁሙዓን ከሰዓት በጫት፣ እሁድን በኳስ ያሳለፈበትን ሰዓት ይቁጠር። ከዚያ አንዱ የሚስት ቢሆን ማን ይጎዳል? ሴቶቹም ቢሆኑ ሆቴልና ኬክ የሚመኙት ይህ ትንሹ ስለጠፋባቸው እንዳይሆን እፈራለሁ። በየወሩ የተነፈገች ሚስት በዓመት አንዴ በጩኸት ብትጠይቅ ይፈረድባታልን?

ለደረሳዬም መልሴን ነገርኩት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከሞቱ በኋላ በግ እያረዱ ለወዳጆቿ ይልኩ እንደነበር አስታወስኩት። ያ መታሰቢያ ቀን አልተቆረጠለትም፤ ካርድም አልታተመለትም። «የአዳራሹን ገንዘብ ትተህ ዕዳ የማያስገባህን በግ እረድ፤ ኒካሕህን ላሰሩልህ ሽማግሌዎችና ለጎረቤት ላክ። ከዚያ ሚስትህን ይዘህ ወጣ በል» አልኩት። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።

ለራሴ ግን ሰማሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ለእህቴ ትተን ከባለቤቴ ጋር ሐይቅ ወረድን። ዓሣ በላን፤ ዙህርን በጀማዓ ሰገድን፤ ውኃውን እያየን ብዙ ተጨዋወትን። ስንመለስ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ጎን ለጎን ሄድን። አንድ የመስጊድ ወዳጄ አይቶን «ምነው ኡስታዝ፣ ማን ታመመባችሁ?» አለኝ።

ማንም አልታመመም፣ ወንድሜ። የታመመው ልማዳችን ነው። አላህ ያሽረው! ቤቶቻችንንም የመወደድና የመተዛዘን ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።