ለሞት እድር አለን፤ ለሕመምስ?

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ሲኬድ፣ ወይም ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ 22 ማዞሪያ ሲታጠፍ፣ መብራት ይዞት የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አያልፍም። በላስቲክ የተለበጠ ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር የሐኪም ማስረጃ፣ ከማስረጃው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ሚኒባስና ካርቶን የያዙ ወጣቶች። “ወገኖቼ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው…” መስኮት ዝቅ ይላል፣ 10 ብር ወይም 50 ብር ይወጣል፣ መስኮት ይዘጋል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሁላችንም ደግ ሰው ሆነን እንሄዳለን።

ደግነታችንን አልነቅፍም። ይህ ሕዝብ ደግ ባይሆን ኖሮ ስንቱ በየቤቱ ተጋድሞ በቀረ ነበር። የምነቅፈው ደግነቱን የጤና ፖሊሲ አድርገን መቀመጣችንን ነው። ፎቶው የሚያምር፣ ዘመድ የበዛለት፣ ውጭ አገር ወንድም ያለው፣ ፌስቡክ ላይ ታዋቂ ሰው የያዘለት ታማሚ ይታከማል። ፎቶ የሌለውስ? ካርቶን ይዞ የሚቆምለት ያጣውስ? እሱ በመብራቱ ላይ አይታይም፤ ስለማይታይም የለም እንላለን።

እስቲ መስኮቱን ዝቅ ያደረገውን ሰው መኪና ተመልከቱት። የፊት መስተዋቱ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ተለጥፏል። ዐዋጅ ቁጥር 559/2000 ይህን መድን ግዴታ አደረገው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ በመኪና የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። መጀመሪያ ያላጉረመረመ ባለ መኪና አልነበረም። ዛሬ ግን ማንም ስለዚህ አይከራከርም፤ በየዓመቱ ሄዶ ያሳድሳል። እንግዲህ መኪናው መድን አለው። የሚነዳው ሰው የለውም። መንገድ የሚሻገረው ሰው በመኪና ከተገጨ ሕግ አለው፤ በገዛ ጉበቱ ወይም በገዛ ልቡ ከወደቀ ግን ካርቶን ነው የሚጠብቀው።

ለሞታችንም ቢሆን አላንቀላፋንም። ጎሮም ሆነ አያት፣ ኮንዶሚኒየምም ሆነ ቪላ፣ ሰው አዲስ ሰፈር በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ እድር መጠየቁ አይቀርም። መዋጮ አለ። ያልከፈለ ይቀጣል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ለ20 ዓመት ከፍሎ አንድ ቀን እንኳ ድንኳን ያልተጣለለት አባል “እስካሁን አልሞትኩም፤ ገንዘቤ ይመለስልኝ” ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ሲቀበር ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ ያውቃል። ይህ እኮ የመድን ሐሳብ ነው፤ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። አንድ ጉድለት ብቻ አለው። እድሩ ሰውየው እስኪሞት ይጠብቃል። አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል ጥቂት ገንዘብ መስጠት መጀመራቸው ያስመሰግናል፤ የሰፈር እድር ካዝና ግን የቀዶ ሕክምና ሒሳብ አይችልም።

ሕግ አጥተን አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡም ቀላል ነው። ተቀጣሪው ከደሞዙ 3 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ይጨምራል፤ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ፣ መንግሥት 1 በመቶ። አባሉና ቤተሰቡ ሲታመሙ ሒሳቡን መድኑ ይከፍላል። ኤጀንሲ ተቋቋመለት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል። ደንብ ወጣለት። በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያስ? ይጀመራል ተባለ፣ ተራዘመ። እንደገና ይጀመራል ተባለ፣ እንደገና ተራዘመ። ዐዋጁ 10 ዓመት ሲሞላው ከአንድም መንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ 3 በመቶ አልተቆረጠም ነበር። ዐዋጅ እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲያረጅ ማየት ለኛ አገር ሰው እንኳ ብርቅ ነው።

በዚያው ዘመን ገበሬው ምን አደረገ? በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። የአቸፈር ገበሬ በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ያዘ። ከፊሉን መንግሥት ደጎመው፣ የደሃ ደሃ የሆነው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ከፈሉለት። ሙከራው ተስፋፍቶ ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ደርሷል። ቅሬታ የለም አልልም። መድኃኒት ጠፋ የሚል ቅሬታ ሞልቷል፤ “በፈቃደኝነት” የተባለው ነገር በየቀበሌው ምን ያህል ፈቃድ እንደነበረበትም ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ቢሆንም መድን ያለው አሁን ያ ገበሬ ነው። ዲግሪ ያለን፣ የደሞዝ ቀን የምንቆጥር፣ ስለ ፖሊሲ ቡና እየጠጣን የምንተነትነው ሰዎች ግን መብራት ላይ ቀረን።

የደሞዝተኛው መቃወሚያ ምንድን ነው? አንድ በአንድ እንየው፤ ሁሉም ከንቱ አይደለምና።

አንደኛው “ደሞዜ አይበቃኝም” የሚለው ነው። እውነት ነው። የሥራ ግብሩ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፣ የጡረታው 7 በመቶ አለ፣ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋው የት እንደደረሰ ፋርማሲ የሄደ ይናገር። ነገር ግን ሒሳብ እንሥራ። 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 300 ብር ያዋጣል፣ አሠሪው 300 ይጨምርለታል፤ በዓመት 7,200 ብር ነው። 500 ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሲሆን 3,600,000 ብር። ከእነዚህ 500 ሰዎች መካከል በዓመት ውስጥ ከባድ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። አሁን ለእነዚያ ጥቂቶች ምን እናደርጋለን? አንድ ወረቀት በየቢሮው ይዞራል፣ ስማችንንና የምንሰጠውን ገንዘብ እንጽፍበታለን። ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ያልፈረምኩበት ወር ጥቂት ነው። መዋጮ አናቅም የምንል ሰዎች መዋጮውን አሁንም እየከፈልን ነው፤ ልዩነቱ ሰውየው ከወደቀ በኋላ፣ አልጋ ለመያዝ ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቀ በኋላ፣ ዘግይቶ መሆኑ ነው። በ2009 በጀት ዓመት በተሠራው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ ከአገሪቱ የጤና ወጪ 31 በመቶ ገደማው ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ካልሆነ ሕመም ቤተሰብን ያደኸያል ይላል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስቸግርበት የፊደል ነገር ነበር። “ድኅነት” በብዙኃን ኅ ሲጻፍ መዳን ነው፤ “ድህነት” በሃሌታው ህ ሲጻፍ ድሀ መሆን ነው። መድኅን፣ መድን፣ መድኃኒት ሁሉም የመጀመሪያው ቤተሰቦች ናቸው። ዛሬ ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገን እንጽፋቸዋለን። በሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ግን አንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥ አንድ ወር እንደማይፈጅበት ያውቃል። መኪናው ይሸጣል፣ ቀጥሎ የኮንዶሚኒየሙ ቤት፣ ቀጥሎ የልጅ ትምህርት ቤት ይለወጣል።

ሁለተኛው መቃወሚያ “እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ደግሞም ቢሮዬ ያሳክመኛል” የሚለው ነው። ቦሌ ላይ ይህን የሚል ብዙ ነው። ባንክ፣ ድርጅት፣ ትልቅ ኩባንያ የሚሠራ ሰው የግል ሆስፒታል የሚገባበት ደብዳቤ አለው። ታዲያ ሥራ የለቀቀ ወይም የተቀነሰ ዕለት ደብዳቤው የት ይገባል? ጤንነትም ቢሆን እንደዚያው ነው። መድን በፈቃድ ብቻ ይሁን ከተባለ የሚመጣው የታመመው ነው። ጤነኛው ይቀራል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ መዋጮው ይጨምራል፣ የቀረውም ጤነኛ ይወጣል። ይህን የትም አገር አይተውታል። ቢስማርክ በ1883 እ.ኤ.አ. የጀርመንን ሠራተኛ የሕመም መድን ግዴታ ያደረገው ሰው ስለሚወድ አልነበረም፤ ሶሻሊስቶቹን ፈርቶ ነው። ሕጉ ግን ከእሱም ከንጉሡም በላይ ቆየ። ሩዋንዳ ከእኛ የማትሻል ድሀ ሆና ሳለ መድኑን ግዴታ አድርጋ አብዛኛውን ሕዝቧን ሸፈነች።

ሦስተኛው “ሰው በግድ ይገዛ ዘንድ መንግሥት ምን መብት አለው?” የሚል ነው። አሜሪካኖቹ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሰሱበት ኖረዋል፤ መድን ባልገዛ ሰው ላይ የተጣለው ቅጣት በ2019 ዜሮ ሆነ። የእነሱ ክርክር ግን ለእኛ ልክ አይሆንም። እኛ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ዐዋጅ ሲወጣ ተቃወምን፣ አጉረመረምን፣ ከዚያ ገባንበት። ዛሬ የግል ድርጅት ሠራተኛው ጡረታው እንዲቀር አይፈልግም። ለእርጅናው በግድ የሚቆጥብ ሰው እስከ እርጅና ለመድረስ መቆጠብን እንደ ባርነት ሊያየው አይችልም።

አራተኛውን መቃወሚያ ግን ማንም በቀላሉ አያልፈውም። “መድኃኒት ለሌለበት ሆስፒታል ለምን እከፍላለሁ?” የሚል ነው። እዚህ ላይ ፊቴን ወደ መንግሥት አዞራለሁ።

ግዴታ የሁለት ወገን ነው። መንግሥት ከደሞዜ በግድ ሲቆርጥ እሱም በግድ የሚሰጠኝ ነገር ሊኖር ይገባል። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ። እኛ እዚያ አልደረስንም። የጤና ባለሙያዎቻችን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በደሞዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ ሐኪሙ ራሱ ኑሮ ባቃተው ቤት ውስጥ ታማሚውን “መጀመሪያ ክፈል” ማለት ይከብዳል። ጎረቤታችን ኬንያ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሠራተኛው ደሞዝ 2.75 በመቶ መቁረጥ ስትጀምር፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሆስፒታሎችም ክፍያ አልደረሰንም እያሉ ሕዝቡን አሰለቹ። ገንዘቡ በፍጥነት ተሰበሰበ፣ አገልግሎቱ ዘገየ። እኛም በዚያው መንገድ ብንገባ የመድን ሐሳቡን ለአንድ ትውልድ እንቀብረዋለን።

ሌላም አለ። የማኅበራዊ ጤና መድኑ ደንብ የማይሸፍናቸውን ሲዘረዝር ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የኩላሊት እጥበትን፣ የአካል ንቅለ ተከላን፣ የውጭ አገር ሕክምናን ይጨምራል። ልብ በሉ፤ መብራት ላይ ፎቶው የተሰቀለው ሰው በትክክል ይህ ነው። ሕጉ ነገ ጠዋት ቢጀመር ካርቶኑ እዚያው ይቆማል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሸፈን እንደማይቻል ይገባኛል፤ እጥበት በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ የማያልቅ ወጪ ነው። ግን ሰው ለራሱ የሚችለው ትንሹን ሕመም ነው፤ መድን የሚያስፈልገው ለማይችለው ነው። ጉንፋኔን ሸፍኖ ኩላሊቴን የሚተው መድን ዝናብ ሲያባራ የሚዘረጋ ጃንጥላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የሚለው አይደለም። ይቆረጥ። ግን መዋጮው ከሌላው የመንግሥት ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ገቢና ወጪው በየዓመቱ በጋዜጣ ይውጣ። የመንግሥቱ ፋርማሲ መድኃኒቱ ከሌለው አባሉ ከግል ገዝቶ ደረሰኙን አቅርቦ ገንዘቡን ያግኝ፤ ያን ጊዜ የመድኃኒቱ መጥፋት የታማሚው ሳይሆን የመድኑ ራስ ምታት ይሆናል። ተራ በሌለበት ጊዜ የግል ሆስፒታል መሄድ ይፈቀድ። ዝቅተኛው ደሞዝተኛ መዋጮው ይቃለልለት። የኩላሊት እጥበትም በዓመታት ውስጥ የሚገባበት ቀን አሁኑኑ ይጻፍ።

እኛስ? እኛ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በየስብሰባው እጃችንን አውጥተን “ዝግጅቱ ሳይሟላ” ስንል የኖርን ነን። ሳይሟላ አይጀመር ማለት ከራስ ጥቅም አንጻር ብልህነት ሊመስል ይችላል፤ ግን እስኪሟላ ስንጠብቅ የታመሙት አልጠበቁም። እድሩስ ሲጀመር ምን ተሟልቶለት ነበር? ድንኳኑም ወንበሩም ኋላ ነው የተገዙት፤ መዋጮው ቀደመ።