«የህንድ ፊልም ነው» ማለት ትችት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ፊልም ከታየ በኋላ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ተነሳና «ይሄ እኮ የህንድ ፊልም ነው» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ትችቱ በዚሁ አለቀ። የትኛው ትዕይንት እንዳልሰራ፣ ለምን እንዳልሰራ የጠየቀም የተናገረም የለም። ፊልሙን የሰራው ልጅ አንገቱን ደፋ።

ፊልሙን ልከላከል አይደለም የምጽፈው። ፊልሙ ደካማ ነበር፤ ድምፁ እንኳ በቅጡ አይሰማም። የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ስነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድን ድርሰት «አይረባም» ብላችሁ ስትጽፉልኝ በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» ብዬ እመልስላችሁ እንደነበር የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። «የህንድ ፊልም ነው» ማለት ያው «አይረባም» ማለት ነው፣ ከነስንፍናው። እንዲያውም ይብሳል፤ ተናጋሪው ያላየውን አንድ ሙሉ ጥበብ አብሮ ይሰድባልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከስሙ እንጀምር። የትኛው ህንድ? ህንድ ውስጥ በሂንዲ፣ በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በማላያላም፣ በካነዳ (አገሩ ሳይሆን ቋንቋው)፣ በቤንጋሊ፣ በማራቲና በሌሎችም ቋንቋዎች ፊልም ይሰራል። ትልልቆቹ የየራሳቸው ከተማ፣ የየራሳቸው ኮከቦች፣ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከኮሮና በፊት በነበሩት ዓመታት የህንድ ሳንሱር ቦርድ በዓመት ወደ 2000 ለሚጠጉ ፊልሞች ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በሂንዲ የተሰሩት ከአምስት አንድ ገደማ ቢሆኑ ነው። የዓለም የፊልም ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ሳትያጂት ራይ ፊልሞቹን ከሞላ ጎደል የሰራው በቤንጋሊ ነው። በ2023 «ናቱ ናቱ» በሚለው ዘፈኑ ኦስካር የወሰደው «አር አር አር» የቴሉጉ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ራጃሙሊ «ቦሊዉድ አይደለም፣ ከደቡብ ህንድ የመጣ የቴሉጉ ፊልም ነው» እያለ ሲያስረዳ ከርሞ፣ ኦስካር መድረክ ላይ ያው ቦሊዉድ ተባለ። «ስላምዶግ ሚሊየነር» ደግሞ ጭራሽ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል ነው። እኛ ግን ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን።

«ቦሊዉድ» የሚለው ቃል ራሱ ቦምቤይና ሆሊዉድ ተጋብተው የወለዱት ቀልድ መሳይ ስም ነው። ሆሊዉድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ቦሊዉድ የሚባል ሰፈር ግን የለም። ቦምቤይም ከ1995 ጀምሮ ሙምባይ ተብላለች። ከሙያው ሰዎች መካከል ስሙን የማይወዱት ጥቂት አይደሉም፤ አልፈርድባቸውም። የእኛን ቴአትር አንዱ መጥቶ የሌላ አገር ቅጂ የሚያስመስል ስም ቢያወጣለት ደስ ይለናል?

ታዲያ የሂንዲ ሲኒማ ምንድን ነው? «በሂንዲ ቋንቋ የተሰራ» ብትሉ ግማሹን መለሳችሁ። ፊልሙ የሚናገረው ቋንቋ ዜና የሚነበብበት፣ መንግሥት የሚጽፍበት ሂንዲ አይደለም። ሂንዲና ኡርዱ ተቀላቅለው የሚነገሩበት የገበያ፣ የባቡር ጣቢያና የፍቅር ቋንቋ ነው፤ ሂንዱስታኒ ይሉታል። የሚሰራበት ከተማ ቋንቋም ሂንዲ አይደለም፤ ሙምባይ የማራቲ ተናጋሪዎች አገር ናት። ሰዎቹስ? ራጅ ካፑርና ዲሊፕ ኩማር የተወለዱት ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ፔሻዋር ነው፤ የዲሊፕ ኩማር የትውልድ ስም ዩሱፍ ካን ነው። ቢማል ሮይ ቤንጋሊ ነው። የሂንዲ ዘፈን ንግሥት ላታ ማንጌሽካር የማራቲ ቤተሰብ ልጅ ናት። ግጥሞቹን የጻፉት እነ ሳሂር ሉዲያንቪ፣ እነ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪ፣ እነ ካይፊ አዝሚ የኡርዱ ገጣሚዎች ናቸው። የድሮዎቹን ፊልሞች መክፈቻ ብታዩ ርዕሱ ብዙ ጊዜ በሦስት ዓይነት ፊደል ነው የሚጻፈው፤ በላቲን፣ በዴቫናጋሪና በኡርዱ። እንግዲህ ይህ ሲኒማ የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ሃይማኖት ንብረት ሆኖ አያውቅም፤ አፍ መፍቻቸው ሌላ የሆኑ ሰዎች ሰርተው አፍ መፍቻው ሌላ ለሆነ ሕዝብ ያሳዩት ነገር ነው። ዛሬ እዚያው ህንድ ውስጥ ይህን ቅይጥነት እንደ እድፍ የሚያዩ አሉ። ቋንቋና ባለቤትነት ሲነሳ ምን እንደሚመጣ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ይህን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ህንዱ፣ ፓኪስታኑና ባንግላዲሹ አንድ ካምፕ ውስጥ ሲኖሩ የሚግባቡበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይኸው የፊልሙ ቋንቋ ነው።

አሁን ወደ ተለመደው ክስ። «ዛፍ ዙሪያ እየተሯሯጡ መዝፈን፣ ማልቀስ፣ በቃ።» በ1946 የካን ፌስቲቫል ላይ ከሌሎች ፊልሞች ጋር ታላቁን ሽልማት የወሰደው የቼታን አናንድ «ኒቻ ናጋር» የሂንዲ ፊልም ነው። የቢማል ሮይ «ዶ ቢጋ ዛሚን» (1953) ለአራጣ አበዳሪው ባላባት ዕዳ ሊከፍል ካልካታ ወርዶ በእጁ የሚጎተት ሪክሾ የሚጎትት ገበሬ ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ሲመለስ መሬቱ ላይ ፋብሪካ እየተሰራበት ያገኛል። ከገዛ መሬቱ አንድ እፍኝ አፈር ሊያነሳ ሲል ዘበኛው ያስጥለዋል። እኛ አገር ስለ መሬት ስንት ተባለ፣ ስንት ተጻፈ! ያችን አንዲት እፍኝ አፈር የሚያህል ትዕይንት በፊልም የሰራን ስንት ነን? ገበሬውን የተጫወተው ባልራጅ ሳህኒ ከሃያ ዓመት በኋላ «ጋርም ሃዋ» ላይ አገር ሲከፈል አግራ ውስጥ የቀረ ሙስሊም ጫማ ሰሪ ነጋዴ ሆኖ መጣ። ዘመዶቹ አንድ በአንድ ወደ ፓኪስታን ሲሄዱ እሱ «ለምን ልሂድ?» እያለ የሚቀር ሰውዬ ነው። እሱን አይታችሁ «የህንድ ፊልም» ብላችሁ ሳቁ እስቲ።

የጉሩ ዱት «ፒያሳ» (የእኛዋ ፒያሳ አይደለችም፤ ትርጉሙ «የተጠማ» ነው) በ1957 የወጣ ነው። በቁሙ ማንም ያልፈለገው ገጣሚ ሞተ ተብሎ ሲወራ ዝነኛ ይሆናል። በሕይወት መኖሩ ግን ለሁሉም አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል። የሺያም ቤኔጋል «አንኩር» (1974)፣ የሚራ ናየር «ሰላም ቦምቤይ» (1988)፣ ከአምስት ሰዓት በላይ የሚሄደው የአኑራግ ካሽያፕ «ጋንግስ ኦፍ ዋሲፑር» (2012)፣ በስህተት ለሌላ ሰው በደረሰ የምሳ ዕቃ ላይ የቆመው «ዘ ላንችቦክስ» (2013)፣ ሁሉም በአንድ ቋንቋ፣ ሁሉም ግን የተለያየ ዓለም ነው።

ግን እነዚህን ብቻ ጠርቼ ባቆም ለተናጋሪው እጅ ሰጠሁ ማለት ነው። «አየህ፣ ዘፈንና ልቅሶ የሌለበት ሲሆን ጥሩ ነው» ይለኛል። የለም! እኔ ለዘፈኑም ልቆም ነው የመጣሁት።

የህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም «አላም አራ» በ1931 ቦምቤይ ሲወጣ ሰባት ዘፈን ነበረው። ያ ዘፈን ኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም። ከፊልሙ በፊት የነበረው የፓርሲ ቴአትርና የመንደሩ ትርኢት በዘፈን የሚሄድ ነበርና ሲኒማው ቋንቋውን ከዚያ ወረሰ። ዘፈኑ ተዋናዩ በንግግር ሊለው የማይችለውን ይዞ ይመጣል። ልጅቷ አባቷ ፊት ልትናገረው የማትችለውን ፍቅር በዘፈን ትለዋለች። «ሰው በእውነት ሕይወት እያለቀሰ ይዘፍናል እንዴ?» ለሚለኝ ወንድሜ ጥያቄ አለኝ፤ አንተ ለቅሶ ቤት ሄደህ አታውቅም? እኛ እኮ ሙሾ አውራጅ ቆማ፣ ሟቹን በስሙ እየጠራች፣ በግጥምና በዜማ ደረት የሚያስመታ ሕዝብ ነን። ገበሬው ሲያርስ ይዘፍናል፣ እናት ስትፈጭ ትዘፍናለች። ሐዘንን በዜማ መግለጽ ለእኛ እንግዳ የሆነው መቼ ነው? መልሱን ልንገራችሁ፤ የፈረንጅ ፊልም ብቻ መለኪያ ከሆነ ወዲህ ነው።

ለዚህም ነው ይህ ሲኒማ ማንም ፈረንጅ ሳይፈርምለት ዓለምን የዞረው። የራጅ ካፑር «አዋራ» በ1951 ተሰርቶ በ1954 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሲታይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠለት። ቱርኮችም ወደዱት፣ የራሳቸውንም ቅጂ ሰሩ። ታሪኩ ምንድን ነው? አንድ ዳኛ «የሌባ ልጅ ሌባ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የተፈረደበት ሰው ቂም ይዞ የዳኛውን ልጅ ሌባ አድርጎ ያሳድገዋል፤ ልጁም በመጨረሻ በገዛ አባቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቆማል። ዳኛውን የተጫወተው የራጅ ካፑር እውነተኛ አባት ፕሪትቪራጅ ነው። «እንዴት ያለ አጋጣሚ! የህንድ ፊልም!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አጋጣሚ ነው። ግን ያ አጋጣሚ የፊልሙ ክርክር ነው፤ ወንጀል ከደም ነው ወይስ ከድህነት? ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አይነሳም ነበር።

ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ሂዱ። በ1950ዎቹ የሊባኖስ ነጋዴዎች ያስገቧቸው የሂንዲ ፊልሞች ሂንዲ የማይሰማውን የሃውሳ ሕዝብ ማርከው ቀሩ፤ ወጣቶች ዜማዎቹን ወስደው በሃውሳ ይዘፍኗቸው ጀመር። ብራያን ላርኪን የሚባል አንትሮፖሎጂስት በ1997 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን መርምሮታል። ካኖ ያለው ወጣት በፊልሙ ውስጥ የራሱን ጣጣ ያያል፤ ወላጅ የመረጠልህን ታገባለህ ወይስ የወደድካትን? ዘመናዊ ስትሆን ቤተሰብህን ትጥላለህ ወይ? ሆሊዉድ ይህን ጥያቄ ለእሱ በሚገባው መንገድ አልጠየቀለትም። ቅርብ ጊዜ እንምጣ ካላችሁም «ዳንጋል» አለ። ሁለት ሴት ልጆቹን ትግል የሚያስተምር አባት ታሪክ ነው፤ በ2017 ቻይና ውስጥ ያስገባው ገንዘብ ህንድ ውስጥ ካስገባው ይበልጣል።

እኛስ? በሲኒማ ቤትና በቪዲዮ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። የአማርኛ ትርጉም የለም፣ የሚገባን ቋንቋ የለም፣ ግን አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ያለቅሳል። «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን አባባል ለቋንቋችን የሰጠን ያ ዘመን ነው። (አሚታብ ባቻን «ሾሌይ» ላይ ይሞታል፤ አባባሉ ያኔም ትክክል አልነበረም።) አሁን ደግሞ በዚ ዓለም በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየውን ተከታታይ ድራማ እያነሱ «የህንድ ፊልም ይኸው ነው» የሚሉ አሉ። እሱ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ሲኒማ አይደለም። በአንድ አገር የምሽት ድራማ የዚያን አገር ሲኒማ መመዘን ከጀመርን እኛም አንተርፍም።

የሂንዲ ሲኒማ ጻድቅ ነው አላልኩም። የሚበዛው ፊልም እንደ የትኛውም አገር ፊልም ተራ ነው። የኮከብ ልጅ ኮከብ የሚሆንበት፣ ነጣ ያለ ቆዳ እንደ ውበት መመዘኛ የሚወሰድበት፣ ልጅቷ «እምቢ» ስትል ልጁ እየተከታተለ የሚያሰለቻትን ነገር ፍቅር ብሎ የሚሸጥ ቤት ነው። ከሆሊዉድ ሳይጠይቅ የገለበጠውም ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ተቹ፣ እኔም አብሬ እተቻለሁ። የእኛ አገር ሰሪዎች ከእሱ ሲወስዱ የሚያጠፉትንም ተናገሩ፤ ልቅሶውን ይወስዱና ለልቅሶው የሚያበቃውን አንድ ሰዓት ዝግጅት ይተዉታል፤ አጋጣሚውን ይወስዱና አጋጣሚው የሚሸከመውን ጥያቄ ይተዉታል። ለአንድ ጀማሪ ዳይሬክተር ይህን ብትነግሩት ቤቱ ሄዶ የሚሰራበት ነገር ሰጣችሁት። «የህንድ ፊልም» ብትሉት ግን እናቱ የምትወደውን ነገር እንዲያፍርበት ብቻ ነው ያስተማራችሁት። እሱም በሚቀጥለው ፊልሙ ማንም የማያለቅስበት፣ ማንም የማይዘፍንበት፣ ሁሉም ሰው በመስኮት አሻግሮ የሚያይበት ቀዝቃዛ ነገር ሰርቶ «ጥበብ ነው» ይላችኋል። አይተናል እኮ!

«ሻሩክ ካንን ለምን አላነሳህም?» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። በ1995 የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ሙምባይ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከ1000 ሳምንት በላይ ታይቷል፤ ስለ እሱ ለብቻው እጽፋለሁ። እስከዚያው ኮመንት ላይ ልትሞግቱኝ የምትመጡ የፊልሙን ስምና የተሰራበትን ቋንቋ ይዛችሁ ኑ። ያላያችሁትን ከሆነ የምትሰድቡት፣ «ዶ ቢጋ ዛሚን» ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ አይታችሁ ተመለሱ።